ሽክሬሊ የታሰረው የመድኃኒት ዋጋ ስላናረ አይደለም

ፋይል_አንባቢ (ክሩን የከፈተው)

ስለ መድኃኒት ዋጋ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ብቅ ይልና «አሜሪካ ውስጥ እኮ የኪኒን ዋጋ ያናረውን ሰውዬ አስረውታል» ይላል። ማርቲን ሽክሬሊን ማለቱ ነው። ሌላው ይቀበልና «7 ዓመት ፈረዱበት፣ እሰይ!» ይላል። ወሬው በዚያው ያልቃል።

መታሰሩ እውነት ነው። 7 ዓመት መፈረዱም እውነት ነው። የታሰረበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ይሄ ስህተት ለእኔ ቀላል አይደለም። የሰማው ሁሉ «ሕጉ ሥራውን ሠርቷል» ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርጋል።

ቅደም ተከተሉን ላስቀምጠው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሽክሬሊ ወደ መድኃኒት ከመግባቱ በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ የሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚነግድ ሰው ነበር። ኤምኤስኤምቢ ካፒታልና ኤምኤስኤምቢ ሄልዝኬር የሚባሉ ሁለት ሄጅ ፈንዶች ነበሩት። በ2011 ሬትሮፊን የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ አቋቋመ። በ2014 ቦርዱ ከዚያ አሰናበተው። ቀጥሎ ቱሪንግ ፋርማሱቲካልስን መሠረተ። ቱሪንግ በኦገስት 2015 ዳራፕሪም የተባለውን መድኃኒት የአሜሪካ ሽያጭ መብት በ55 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ የአንዷ ኪኒን ዋጋ ከ13.50 ዶላር ወደ 750 ዶላር ተሰቀለ። ዓለም ሰውየውን ያወቀው በዚህ ነው።

በዲሴምበር 2015 ተያዘ። የተያዘው ግን በሁለቱ ፈንዶችና በሬትሮፊን ጉዳይ ነው። ችሎት ላይ ስምንት ክስ ቀርቦበታል፤ በአንዱም ውስጥ ዳራፕሪም የለም። ሊኖርም አይችልም። ዐቃቤ ሕግ ወንጀል ነው ያለው ድርጊት ያበቃው መድኃኒቱ ከመገዛቱ በፊት ነው።

በኦገስት 2017 የብሩክሊን ጁሪ (ከተራ ዜጎች የተመረጠ ፈራጅ ቡድን) በሦስቱ ጥፋተኛ፣ በአምስቱ ነፃ አለው። ይሄንን «በአምስቱ ነፃ» የሚለውን የሚያስታውስ ሰው ስንት አለ?


ምን_ለወጠ

እሺ ወንድሜ፣ ገባኝ። ግን ልዩነቱ ምን ይፈይዳል? ሰውየው ክፉ ነበር፣ ታሰረ፣ አለቀ። በሽተኛ ላይ የፈረደ ሰው በየትኛውም በር ይግባ፣ እስር ቤት ከገባ ይበቃኛል።


የመድኃኒት_ባለሙያ

እኔ ግን አይበቃኝም። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ላውራ።

ዳራፕሪም ፒሪሜታሚን ነው። ከ1953 ጀምሮ የነበረ አሮጌ መድኃኒት ነው። ዋናው ጥቅሙ ቶክሶፕላዝሞሲስን ማከም ነው። የቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ተሕዋስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። የሰውየው መከላከያ አቅም ሲወድቅ ይነሳል፤ ለምሳሌ ኤችአይቪ ብዙ ሲጎዳው። የሚመታው አንጎልን ነው። ካልታከመ ይገድላል።

አሁን ሒሳቡን እዩት። አንዷ ኪኒን 25 ሚሊግራም ናት። መጀመሪያ ከፍ ያለ መጠን ይሰጣል፣ ከዚያ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ኪኒን ቢያንስ ለ6 ሳምንት። የመጀመሪያውን መጠን ትተን በቀን ሁለት ብቻ ብንይዝ 84 ኪኒን ነው። በድሮው ዋጋ 1,134 ዶላር ይሆናል። በአዲሱ 63,000 ዶላር። ይሄ ዝቅተኛው ነው።

ስለዚህ «በየትኛውም በር ይግባ» ሲባል የእኔ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ሽክሬሊ በተፈረደበት ማግስት መድኃኒቱ ረከሰ? አልረከሰም። ኩባንያው ያወጣው የ750 ዶላር ዋጋ እዚያው ነበር። ሰውየው ወህኒ ቤት ሆኖ ኪኒኑ በዚያው ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሰዎች ይሄን ስለማያውቁ ነው «አለቀ» የሚሉት።


ተጠራጣሪ

ፋይል አንባቢ፣ ያልከው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። እውነታው ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕዝብ ተቆጣ፣ መንግሥት አፈረ፣ «ዋጋ መጨመር ወንጀል ስላልሆነ ሌላ ነገር ፈልጉለት» ተባለና የድሮ ፋይል ተቆፈረ። የታሰረው ስለተጠላ ነው። «አሜሪካ ውስጥ በጣም የተጠላው ሰው» ተብሎ በየሚዲያው ሲጻፍ አልነበረም?


ፋይል_አንባቢ

ይሄ ሁለተኛው የተሳሳተ ግምት ነው፤ ከመጀመሪያውም የበለጠ ሰው ያምንበታል። መጣህልኝ።

ቀኖቹን ተመልከት። የዋጋው ዜና ዓለምን ያዳረሰው በሴፕቴምበር 2015 መጨረሻ ነው። ሬትሮፊን ግን የራሱን መሥራች በ65 ሚሊዮን ዶላር የከሰሰው በኦገስት 2015 ነው፤ ከጫጫታው በፊት። ሬትሮፊን በክሱ ላይ ያቀረበው ዋና ቅሬታ «የኩባንያውን ገንዘብና አክሲዮን ለግል ፈንዶቹ ዕዳ መክፈያ አደረገው» የሚል ነው። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ምርመራም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ተጀምሮ ነበር። ማለትም ስለ ዳራፕሪም ማንም ምንም ሳያውቅ መርማሪዎች ፋይሉን ይዘውታል።

ጥላቻው ምንም አላደረገም አልልም። ጁሪ ሲመረጥ ብዙ ሰዎች «ይሄን ሰውዬ በገለልተኝነት ልዳኝ አልችልም» ብለው ተሰናብተዋል። ግን ያንን ተመልከተው እስቲ፦ ያን ያህል የተጠላ ሰው ከስምንት ክስ በአምስቱ ነፃ ወጣ። በጥላቻ የተፈረደ ፍርድ እንደዚህ አይሆንም። ጁሪው ክስ በክስ፣ ማስረጃ በማስረጃ ነው የሄደው። ዳኛዋም ቅጣቱን ሲወስኑ ጉዳዩ ሰውየው ለራሱ ስለገነባው የአደባባይ ገጽታ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግረዋል።


ሒሳብ_አዋቂ

እኔ የምጨምረው ስለ ራሱ ማጭበርበር ነው። ብዙ ሰው «በምን ተፈረደበት?» ሲባል ይንተባተባል።

በሰነደ መዋዕለ ንዋይ (አክሲዮንና መሰል ሰነዶች) ማጭበርበር ነው። ባጭሩ፣ ሰዎች ገንዘባቸውን የሰጡት በውሸት መረጃ ላይ ተመሥርተው ነው። የፈንዱን መጠን፣ ውጤቱን፣ ሒሳቡ በኦዲተር ይመረመር እንደሆነ፣ ስለ እነዚህ ሁሉ ያልሆነ ነገር ተነግሯቸዋል። ፈንዱ 35 ሚሊዮን ዶላር ያስተዳድራል ሲባል በሒሳቡ ውስጥ የነበረው ምንም ሊባል የሚችል ነው።

በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ ኦሬክሲጀን በሚባል ኩባንያ አክሲዮን ላይ ሾርት ገባ። ሾርት ማለት አክሲዮኑን ተበድረህ ትሸጣለህ፣ ዋጋው ሲወርድ በርካሽ ገዝተህ ትመልሳለህ፣ ልዩነቱን ትበላለህ። ዋጋው ከወጣ ግን ትቃጠላለህ። ተቃጠለ። ንግዱን ያስተናገደው ሜሪል ሊንች ብቻ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ጉዳት ደረሰበት። ኤምኤስኤምቢ ካፒታል በተግባር የዚያን ቀን ሞቷል።

መክሰር ወንጀል አይደለም። ሄጅ ፈንድ ይከስራል፣ ባለገንዘቡም ያንን አውቆ ነው የሚገባው። ወንጀሉ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ፈንዱ ከሞተ በኋላ ለባለሀብቶቹ ትርፍ የሚያሳይ መግለጫ ይላክላቸው ነበር። በ2012 «ፈንዱን ልዘጋው ነው፣ ገንዘባችሁን በጥሬው ወይም በሬትሮፊን አክሲዮን ውሰዱ» ተባሉ። በጥሬው ለጠየቁት የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም።


ተጠራጣሪ

ቆይ፣ ቆይ። ይሄንን አንብቤዋለሁ። እነዚህ ባለሀብቶች መጨረሻ ላይ ገንዘባቸውን አግኝተዋል እኮ! እንዲያውም የሬትሮፊን አክሲዮን የወሰዱት ካስገቡት በላይ አተረፉ። ችሎት ላይ ቀርበው ራሳቸው መስክረዋል። የከሰረ ሰው ከሌለ ማን ተጭበረበረ? ይሄ ነው እኔን የማያሳምነኝ።


የሕግ_ተማሪ

ይሄ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ የጠበቆቹም ዋና መከራከሪያ ይሄው ነበር። «አንድም የከሰረ የለም» ነው ያሉት።

ግን እንዲህ አስበው። ጎረቤትህ ለልጁ ትምህርት ያጠራቀመውን ገንዘብ አደራ ሰጠህ። አንተ ቁማር ተጫወትክበትና ተበላህ። ሲጠይቅህ «አለ፣ እንዲያውም ወልዷል» እያልክ ዓመት አቆየኸው። ከዚያ ከሌላ ቦታ ገንዘብ አግኝተህ ከነወለዱ ሰጠኸው። ጎረቤትህ ደስ ሊለው ይችላል። አንተ ግን ዋሽተህ ገንዘብ ይዘሃል፣ ያውም እሱ ሳያውቅ ላልተስማማበት አደጋ አጋልጠኸዋል።

ሕጉ የሚያየው ያንን ነው። ወንጀሉ የሚፈጸመው ገንዘቡ በውሸት በተገኘበት ሰዓት ነው። በኋላ መመለስ ወንጀሉን አያጠፋም። ዳኛዋ ቅጣት ለመወሰን ሲያሰሉም ጉዳቱ ዜሮ ነው የሚለውን አልተቀበሉም፤ ወደ 10.4 ሚሊዮን ዶላር ብለው ነው የያዙት።

እና ሌላም ነገር አለ። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከሬትሮፊን ነው። ሬትሮፊን ሌሎች ባለአክሲዮኖች ያሉት ኩባንያ ነው። ዐቃቤ ሕግ «የማማከር ውል በሚል ሽፋን የኩባንያው ገንዘብ ለፈንዶቹ ባለሀብቶች ተከፈለ» ብሎ ከሶ ነበር። እዚህ ላይ ታማኝ መሆን አለብን፦ ጁሪው የሬትሮፊንን ገንዘብ በሚመለከተው ክስ ነፃ ነው ያለው። ጥፋተኛ የተባለው ሁለቱን ፈንዶች በሚመለከቱ ሁለት ክሶችና የሬትሮፊንን አክሲዮን ለመቆጣጠር በተደረገው ሴራ ነው። ስለዚህ «ኩባንያውን ዘርፎ ታሰረ» የሚሉም ተሳስተዋል።


ዝም_አልልም

አንድ ሌላ ወሬ ደግሞ አለ። «የታሰረው የሂላሪ ክሊንተንን ፀጉር ለሚያመጣ 5,000 ዶላር እሰጣለሁ ስላለ ነው» የሚል። ይሄስ?


የሕግ_ተማሪ

ግማሹ እውነት ነው። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣቱ እስኪወሰን በ5 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ውጭ ነበር። በሴፕቴምበር 2017 ያንን ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ዳኛዋ ዋስትናውን ሰረዙና የዚያኑ ዕለት ገባ። ማለትም ጽሑፉ እስሩን አፈጠነው። የ7 ዓመቱ ፍርድ በማርች 2018 የመጣው በማጭበርበሩ ነው። ዐቃቤ ሕግ ቢያንስ 15 ዓመት ጠይቆ ነበር፣ ጠበቆቹ ከ18 ወር እንዳይበልጥ። 7.36 ሚሊዮን ዶላር እንዲወረስም ተወስኗል። ዉ-ታንግ ክላን የሚባለው የራፕ ቡድን በአንድ ቅጂ ብቻ ሠርቶት ሽክሬሊ የገዛው የሙዚቃ አልበም የተወሰደበትም ለዚህ ነው። አልበሙን መንግሥት በ2021 ሸጠው።


ምን_ለወጠ

7 ዓመት ተባለ፣ በ2022 ወጣ። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሀብታም ስለሆነ ነው አይደል?


የሕግ_ተማሪ

በዚህ ጉዳይ አይመስለኝም። በፌዴራል ወህኒ ቤት በመልካም ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን ይቀነሳል፣ በሥልጠናና በማገገሚያ ፕሮግራምም እንደዚሁ አመክሮ አለ። የመጨረሻዎቹን ወራት ደግሞ ከወህኒ ውጭ ባለ መሸጋገሪያ ቤት መጨረስ የተለመደ ነው። በሜይ 2022 የሆነው እሱ ነው። ይህ ለሌላውም እስረኛ የሚሠራ ነው። በ2020 ግን ለኮሮና መድኃኒት ምርምር ላድርግ ብሎ እንዲለቀቅ ጠይቆ ተከልክሏል። ይግባኙም በ2019 ውድቅ ሆኗል። ሀብቱ እዚያ ላይ አልጠቀመውም።


ዝም_አልልም

ታዲያ የመድኃኒቱ ጉዳይ ጭራሽ ሳይጠየቅበት ቀረ ማለት ነው?


ፋይል_አንባቢ

አልቀረም። ግን በሌላ ፍርድ ቤት፣ በሌላ ዓይነት ክስ ነው። ወንጀል ሳይሆን ፍትሐ ብሔር። እዚህ ጋ ሦስተኛው ውዥንብር አለ።

በጃንዋሪ 2020 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒው ዮርክ ግዛት ከሰሱት፤ በኋላ ሌሎች ስድስት ግዛቶች ክሱን ተቀላቀሉ። በጃንዋሪ 2022 ዳኛ ዴኒስ ኮት 64.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና ዕድሜ ልኩን ከመድኃኒት ኢንዱስትሪ እንዲታገድ ወሰኑ። ሰው ይሄንን ሲሰማ «ይኸው በዋጋው ተቀጣ» ይላል። አሁንም ትክክል አይደለም። የተቀጣው ተፎካካሪ እንዳይመጣ በመዝጋቱ ነው።


የመድኃኒት_ባለሙያ

ይሄን እኔ ላስረዳ፣ በጣም የሚያንገበግበኝ ክፍል ስለሆነ።

ብዙ ሰው ዳራፕሪም በፓተንት (ሌላ አምራች እንዳይሠራው በሚከለክል የፈጠራ መብት) የተጠበቀ ይመስለዋል። የ1953 መድኃኒት ምን ፓተንት አለው! ማንም ኩባንያ ጄኔሪክ፣ ማለትም ያው መድኃኒት በሌላ አምራች የተሠራ ቅጂ፣ ሊሠራለት ይችል ነበር። ታዲያ ለምን አልሠሩም? ድሮ ኪኒኑ ርካሽ፣ በሽተኛውም ጥቂት ስለነበር አያዋጣም። 750 ዶላር ሲሆን ግን ያዋጣል፣ ያውም በደንብ። እንዲህ ሲሆን ተፎካካሪ ተሯሩጦ መምጣት ነበረበት።

ጄኔሪክ ለማስፈቀድ አዲሱ ኪኒን ከነባሩ ጋር እኩል እንደሚሠራ በሙከራ ማሳየት አለብህ። ለሙከራው ነባሩን ኪኒን መግዛት አለብህ። እዚያ ላይ ነው በሩን የዘጉት። መድኃኒቱ በመደበኛው ጅምላ አከፋፋይ በኩል እንዳይሸጥ አደረጉ። የሚሸጠው በተመረጡ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ሆነ፣ ገዢውም በውል ተገደበ። ናሙና የፈለገ የጄኔሪክ አምራች ከየትም አያገኝም። የመድኃኒቱን ጥሬ ንጥረ ነገር ከሚያመርቱ ጋርም ለሌላ እንዳይሸጡ ተዋዋሉ። የሽያጭ መረጃውን ሳይቀር ገበያው እንዳያየው አፈኑት።

የመጀመሪያው ጄኔሪክ ፈቃድ ያገኘው በፌብሩዋሪ 2020 ነው። ከ2015 እስከ 2020 ቁጠሩት። ዳኛዋ ሽክሬሊ ከወህኒ ቤት ሆኖም ኩባንያውን ከመምራት እንዳልቦዘነ አረጋግጠዋል።


ተጠራጣሪ

እሺ፣ ይሄኛው ከባድ ነው። ግን ከዚህ የምትደርሱበት ምንድን ነው? ዋጋውን ብቻ ጨምሮ በሩን ባይዘጋ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር ልትሉ ነው?


ፋይል_አንባቢ

አዎ። በትክክል። የዚህ ክር ሙሉ ነጥብ እሱ ነው።

በሕጉ መሠረት ዋጋውን ከ13.50 ወደ 750 መስቀል ብቻውን ወንጀል አልነበረም። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በ2015 ፌብሩዋሪ ቫሊያንት የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ሁለት የልብ መድኃኒቶች ገዝቶ የኒትሮፕረስን ዋጋ በ212 በመቶ፣ የአይሱፕረልን በ525 በመቶ ጨመረ። ምክር ቤት ተጠርተው ተወቀሱ። በዚያ ጭማሪ ወህኒ የገባ ግን የለም።

ሽክሬሊ በፌብሩዋሪ 2016 ምክር ቤት ሲቀርብ ራሱን ላለመወንጀል ባለው መብት ዝም ብሎ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ለሰው ሁሉ የክፋት ምልክት ሆነ። ከዚያ በኋላ ታሰረ ሲባል ሁላችንም ሁለቱን አገናኘናቸው። ፈገግታው ተቀጣ ብለን ደስ አለን። በዚያ ደስታ ውስጥ የጠፋው ጥያቄ «ሌሎቹስ?» የሚለው ነው።


ምን_ለወጠ

ከዚያ ወዲህስ ሕጉ አልተለወጠም?


የሕግ_ተማሪ

በከፊል። በዲሴምበር 2019 አንድ ሕግ ወጥቷል። ናሙና የተከለከለ የጄኔሪክ አምራች ባለመድኃኒቱን ከሶ ናሙናውን ማግኘት ይችላል። ያ ከዳራፕሪም ዓይነቱ መዝጋት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። በ2022 ደግሞ ከዋጋ ግሽበት በላይ የሚጨምር ኩባንያ ትርፉን ለሜዲኬር እንዲመልስ ተደነገገ። ሜዲኬር ግን በዋናነት የአረጋውያን መድን ነው። በግል መድን ያለው ወይም ከኪሱ የሚከፍለው በዚያ አይሸፈንም።


ዝም_አልልም

ሰውየው ተመልሶ ይመጣል የሚሉም አሉ። ይችላል?


የሕግ_ተማሪ

መድኃኒት ንግድ ውስጥ አይችልም። የዕድሜ ልክ እገዳውን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2024 አጽንቶታል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ጉዳዩን አላይም ብሏል። አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ ኃላፊ ወይም የቦርድ አባል እንዳይሆንም ታግዷል። ከዚያ ውጭ ያለው ሥራ ክፍት ነው። ቅጣቱን ጨርሷል፣ በሌላ መስክ ቢሠራ መብቱ ነው። «እንደገና ሊያጭበረብር ፈቀዱለት» የሚለው ወሬም ከዚህ አንጻር መታየት አለበት።


ምን_ለወጠ

የመጨረሻ ጥያቄ ለመድኃኒት ባለሙያዋ፣ እህቴ። አሁን ኪኒኑ ስንት ነው? ጄኔሪክ ከመጣ ወደ ድሮው ተመልሷል?


የመድኃኒት_ባለሙያ

ከ750 ወርዷል፣ ግን ወደ 13.50 አልተመለሰም። ብዙ ሐኪሞች በእነዚያ ዓመታት ሰልፋ ያለበትን ኮትሪሞክሳዞል የሚባል መድኃኒት በምትኩ መጠቀም ጀመሩ፣ አንዳንዶቹም በዚያው ቀጥለዋል። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት በሽተኛ ሲመጣ ግን እሱም አይሆንም፤ ያኔ ሌላ አማራጭ መፈለግ ነው፣ ፒሪሜታሚንም ከአማራጮቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ሰው «ያ ሰውዬ ታስሮ የለ እንዴ» ሲለኝ ስለ ኪኒኑ ነው የምነግረው።